ቢጫ ወረቀት ላይ የተለጠፈች እሑድ

የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ያምር ነበር። ያናደደኝም እሱ ነው። ባያምር ኖሮ ማንም አያጨበጭብለትም፣ ማንም ፎቶ አያነሳውም፤ ምናልባትም እንደ ተራ ጥያቄ ተቆጥሮ ተራ መልስ ያገኝ ነበር።

እናቴ ዓረብ አገር፣ አል ናህያን በሚባል ሰፈር፣ አንድ ቪላ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። የምታድረው ግን ከእኛ ጋር ነው፤ እዚያው ሰፈር፣ ከአባቴ ጋር በተከራየናት አንዲት ክፍል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ትሄዳለች፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ትመለሳለች። ሥራ ስትጀምር ስምምነቱ እሑድ እረፍት ነበር። ኋላ የአሠሪዋ የማዳም ቤተሰብ ዓርብ ከሰዓት እየተነሳ አል ዓይን ወደሚባል ሌላ ከተማ፣ የማዳም እናት ቤት፣ መሄድ ጀመረ። እናቴም ልጆቹን ይዛ አብራ ትሄዳለች፤ የምትመለሰው እሑድ ማታ ነው። እረፍቷ ወደ ረቡዕ ዞረ። ረቡዕ እኔ ትምህርት ቤት ነኝ፣ አባቴ ሪም ደሴት ላይ የሕንፃ ቧንቧ ይጠግናል። እናቴ ባዶ ክፍል ውስጥ ለብቻዋ ታርፋለች። ቅዳሴ ካስቀደሰች ዓመት አልፏታል።

ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህን ካልጻፍኩ ውሸታም እሆናለሁ። የምትሠራው ሪም ደሴት ትልቅ ቢሮ ነው። እዚያ "አጃይል" የሚሉት አሠራር አለ። ሥራው ሁሉ ትንንሽ ወረቀት ላይ ይጻፍና ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ "ከሚሠራ" ወደ "እየተሠራ ያለ"፣ ከዚያ ወደ "ያለቀ" ይሻገራል። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ቆሞ በአጭሩ ይነጋገራል። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ቁጭ ተብሎ፣ ምን ጥሩ ሄደ፣ ምን ይስተካከል ይባላል። ይህ ነገር ቢሮዬን አዳነልኝ ትላለች። እና አንድ ቀን ሰሌዳውን ወጥ ቤት አምጥታ ሰቀለችው።

መጀመሪያ ላይ እኔም ወድጄው ነበር። ወተት ሁለቴ መገዛቱ ቀረ። የትንሹ ልጅ የዋና ቦርሳ መጥፋቱ ቀረ። ሾፌሩ የወሎ ሰው ነው፣ ጋሼ ነው የምንለው፤ እሱን ሦስት ሰው በአንድ ሰዓት ሦስት ቦታ መጥራቱም ቀረ። ብቻ ጋሼ የቁም ስብሰባው ሊዋጥለት አልቻለም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ "ትናንት ነዳሁ፣ ዛሬም እነዳለሁ" ይላል። ማዳም "የሚያግድህ ነገርስ?" ስትለው፣ "የአል መቅጣዕ ድልድይ የመኪና ሰልፍ። ወረቀት ላይ ጽፈሽ ታነሺልኛለሽ?" ይላታል።

የሁለት ሳምንቱ ስብሰባ ሐሙስ ከሰዓት ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ እናቴን እዚያው ስለምጠብቅ፣ የእሷን ወረቀት የምጽፍላት እኔ ነኝ። ማዳም ቢጫ ወረቀት አደለችና "ስም አትጻፉ፣ ማንም መፍራት የለበትም" አለች። ጋሼ ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ በአማርኛ፣ "ሰማሽ እህቴ? ስም የለም። እኔ ስለ መኪና እጽፋለሁ፣ አትክልተኛው ስለ ሣር ይጽፋል። ስለ ልጆቹ የጻፈው ማን እንደሆነ እንግዲህ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው!"

እናቴ ሁልጊዜ የምታጽፈኝ አንድ ነገር ነው፤ "ሁሉም ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" ቤት ስንገባ እነዘንዛታለሁ።

"እማዬ፣ ራሷ አይደለች እንዴ የጠየቀችሽ? እሑዴን መልሺልኝ በያት!"

"በሰው ፊት?"

"ስብሰባው ለዚያ አይደል!"

"እንጀራ የምታበላኝን ሴት ሰሌዳ ላይ ለጥፌ ላሳጣት? ነውር አይደለም? ደግሞስ ኢቃማዬ በማን ስም ነው?"

ያ አሠራር የተሠራው አፉን ሞልቶ ለሚናገር ሰው ነው። እናቴን ያሳደጋት ደግሞ ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታው ባይኖር እንኳ ኢቃማው፣ በማዳም ስም የወጣው የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አለ። ሁለቱም ሰሌዳው ላይ ቦታ የላቸውም።

ብዙ ነዝንዣት አንድ ቀን ተሸነፈች። "እሺ ጻፊው። እሑድ ቤቴ ልዋል በይ፣ በቃ።"

በቃ ብላኝ ነበር። እኔ ግን የዚያን ሰሞን የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ድርሰቴን ለክፍሉ አንብባልኝ፣ መጻፍ እንደምችል ገና ማወቄ ነው። ጣቴን ይበላኛል። "እሑድ ቤቴ ልዋል" አነሰብኝ። በእንግሊዝኛ እንዲህ አደረግሁት፤ "ስድስት ቀን የሰው ልጆች እጅ እይዛለሁ፤ በሰባተኛው የራሴን ልጅ እጅ መያዝ እፈልጋለሁ።" ተርጉሜ ሳነብላት እናቴ ሳቀች።

"ይሄን እኔ ነኝ ያልኩት?"

"በሌላ ቃል።"

"አንቺ ደግሞ እጅሽን ያስያዝሽኝ መቼ ነው? መንገድ ላይ ታፍሪብኝ የለ!"

ሐሙስ ማዳም ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችው፤ ደግማም አነበበችው። "ማነው የጻፈው?" አለች፤ ስም የለም የተባለው እዚያው ላይ አበቃ። እናቴ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። ማዳም አጨበጨበች፣ አትክልተኛውም ሳይገባው አጨበጨበ። ፎቶ አነሳችው፣ "የቢሮ ሰዎች ይህን ማየት አለባቸው" አለች። ጋሼ "ደራሲዋ!" ብሎ ጠቀሰኝ። እና ደስ አለኝ። ራሴን ይቅር የማልለው በእሷ ነው፤ በዚያች ደስታ።

ከዚያ ማዳም፣ "አሁን በሁለት ሳምንት ውስጥ ልንሞክረው የምንችለው ትንሽ እርምጃ ምንድን ነው?" አለች።

ትንሽ እርምጃ! እሑድ አንድ ቀን ናት፤ ወይ ትሰጪያለሽ ወይ ትከለክያለሽ። የመጀመሪያው ትንሽ እርምጃ እሑድ በምሳ ሰዓት የቪዲዮ ጥሪ ሆነ። እናቴ አል ዓይን ሆና ለሰው ልጅ እያጎረሰች፣ እኔና አባቴ ስንበላ በስልክ አየችን። ወረቀቷ "እየተሠራ ያለ" ውስጥ ገባች። በሁለተኛው፣ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ጋሼ ብቻዋን ይዟት እንዲመለስ ተባለ፤ አንድ ጊዜ ተሞከረ፣ ልጆቹ አለቀሱ፣ ቀረ። ማዳም ወረቀቷ ላይ ቀይ ነጥብ ለጥፋ "ታግዷል" አለች። "በእኔ እጅ አይደለም፣ እናቴ ናት። ልጆቹን ከሞግዚታቸው ጋር ካላየች አይሆንላትም።" ከዚያ ፊቷ በራ። ወደ እኔ ዞራ፣ "አንቺም አብረሽ ነይ! እጅ ለእጅ ትያያዛላችሁ!"

ሄድኩ። አል ዓይን ላይ ቅዳሜ ጠዋት የማዳም እናት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ልጆቹን ቁርስ ታበላለች። ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ።

"ልጇ ነኝ።"

"ልጅ አላት እንዴ?" ወደ እናቴ ዞሩ። "ታዲያ በየሳምንቱ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ቤት የለሽም? እኔ ሁለት ሠራተኛ አለኝ። ልጆቹን ላቅፍ ስል አንቺን እያሉ ያለቅሱብኛል። ሴትዮዋን ተያት ብዬ ለልጄ ስንት ጊዜ ነገርኳት!"

እናቴ ፈገግ ብላ የትንሹን ልጅ አፍ ጠረገች። እኔ ወደ ቤቱ መስኮት አየሁ። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ማዳም ተኝታለች። እስከ ቀትር ተኛች።

ያገዳት የለም ለካ! ሳምንቱን ሙሉ ሠርታ ደክሟታል፣ ቅዳሜና እሑድ መተኛት ፈለገች፣ በቃ። ይገባኛል፣ ሰው ይደክመዋል። ግን ሰሌዳው ላይ የእናቴ ሥራ አለ፣ የጋሼ አለ፣ የሣሩ እንኳ አለ፤ የእሷ አንዲት ወረቀት የለም። አንድ "እሺ" የሚበቃውን ነገር እሺ የምትለዋ እሷው ሆና ሳለ፣ ወረቀታችንን ከዓምድ ዓምድ ስታዛውር ከረመች። አሠራሩ ወተት ያስገዛል፤ አለቃዋ ልታየው የማትፈልገውን ነገር ግን አያሳያትም።

በቀጣዩ ዓርብ ግማሽ ቀን ተምሬ ስደርስ መኪናው ማዳም ደጅ ቆሟል። እናቴ ትልቁን ልጅ አስገባች፣ ቀበቶውን አሰረችለት፣ ወጥታ በሩን ዘጋች። እሷ አልገባችም።

"ማዳም፣ እኔ አልሄድም።"

"ምን ሆንሽ? ሐሙስ በስብሰባው እናንሳው።"

"ስብሰባ ኸላስ፣ በቃ፣ ማዳም። እሑድ ቤቴ ነኝ።"

ጋሼ ወደ ፊት አፍጥጦ መሪውን ይዟል። ማዳም ትንሹን ልጅ ከእናቴ እቅፍ ተቀብላ፣ መቀመጫው ላይ ራሷ አሰረችው። ሄዱ።

ያን ሁለት ቀን አባቴ "ኢቃማሽን ብትሰርዘውስ?" እያለ ክፍሏን ተመላለሰባት። እሑድ ግን ሦስታችንም አስቀድሰን መጣን፣ ምሳ በላን፣ እናቴ ከሰሃኑ አጠገብ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሰኞ ማታ ስትገባ በር ላይ ነበር የጠበቅኳት።

"ምን አለችሽ?"

"እሑድ እሑድ ቤትሽ ሁኚ አለች። በምትኩ ረቡዕ ልገባ። 'ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?' አለችኝ።"

"ነግረናት የለም እንዴ! አጨብጭባ የለም! አንቺስ ምን አልሻት?"

"ይቅርታ አልኳት።"

ጮህኩ። እውነቴን ነው፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። እናቴ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን እያሸች ጠበቀችኝ።

"ጨረስሽ? እሑዱን ይዣለሁ አይደል? ይቅርታውን እሷ ትያዘው።"

እኔ ብሆን ይቅርታውንም አልሰጣትም ነበር።