ሃጃ ውስጥ ማን ነበረ?

እኔ ነገር በሆዴ አያድርም። ወሎ እያለሁም እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ያስገድልሻል» ትለኝ ነበር። ዐረብ አገር፣ ደማም፣ አል ሙሐመዲያ የሚሉት ሰፈር ሰው ቤት ስቀጠር ግን የማወራው ሰው አጣሁ። ማዳም ትእዛዝ እንጂ ጨዋታ አታውቅም። የቀሩት የማዳም እናት ናቸው፤ ሃጃ እንላቸዋለን። ስትሮክ መትቷቸው አልጋ ላይ ነው የሚውሉት። አጥባቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ፣ ሾርባ በማንኪያ አጎርሳቸዋለሁ።

አንድ ቀን ሆስፒታል ወሰድናቸውና ዶክተሩ የጭንቅላታቸውን ፎቶ በኮምፒውተር አሳየን። ጥቁሩ ቦታ ላይ ጣቱን እያደረገ «ይሄ ሁሉ ሞቷል። አትሰማም፣ አታውቅም። ኸላስ፣ እናትሽ እዚህ የለችም» አላት ማዳምን። ማዳም እዬዬ አለች። ከዚያ ወዲህ እናቷን የምታያቸው በር ላይ ቆማ ነው። እኔ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ግድግዳ እንኳ ጆሮ አለው ይባላል፤ የማይሰማ ሰው ተገኘ! ደግሞም የማወራው በአማርኛ ነው፤ ሃጃ ከዐረብኛ ሌላ አያውቁም።

ሆዴን ዘረገፍኩላቸው። ኮንትራቴ ካለቀ ቆየ፤ ማዳም ግን ኹሩጅ ከልክላኛለች፤ ያለዚያ የመውጫ ወረቀት አገሬ አልገባም። እናቴ ታማለች። ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ማዳም ዘመድ ልትጠይቅ ስትወጣ፣ መኪና መጥቶ ኮበር ከተማ፣ ቱቅባ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ጋ ያደርሰኛል። ከዚያ በፖሊስ ተይዤ፣ ተባርሬም ቢሆን አገሬ እገባለሁ። ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ሃጃ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

አንድ ነገር ብቻ ይረብሸኝ ነበር። ድምፄ እየሰለለ የእናቴን ሕመም ባወራሁ ቁጥር ሾርባውን አይውጡትም፤ ጉንጫቸው ውስጥ ይዘውት ይቀራሉ። ወሬውን ወደ ሰፈሬ ሰርግ ሳዞረው ይውጡታል። አንዴ ሲሆን ምንም አልመሰለኝ። በሦስተኛው ግን «እንዴ፣ ሃጃ!» ብዬ ማንኪያውን ጥዬ ወጣሁ። ኋላ ደግሞ «አሁን አንቺ ከዶክተር ልትበልጪ ነው?» ብዬ ራሴን ተቆጣሁ።

ሐሙስ ደረሰ፤ ማዳም ወጣች። አባያዬን ለብሼ ሃጃ ጋ ገባሁ። እኛ አገር መንገደኛ አብሮት የኖረውን ሰው «አፉ በለኝ» ብሎ ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ ያም «አፉ ብያለሁ» ሳይለው አይነሳም፤ በደል ተሸክሞ ለወጣ መንገድ አይቀናውም። «ሃጃ፣ አፉ በሉኝ፤ ትቼዎት ልሄድ ነው» አልኩ። ስልኬ ጮኸ፤ ሹፌሩ ደጅ ደርሷል። እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ሃጃ እዚያ ገላ ውስጥ ካሉ፣ ይህን የምጠረጥር እኔ ብቻ ነኝ፤ ጥያቸው ከሄድኩ ከነሕይወታቸው መቅበሬ ነው።

ጎንበስ ብዬ ዐይን ዐይናቸውን እያየሁ፣ አሁን በዐረብኛ፣ «ሃጃ፣ የሚሰሙኝ ከሆነ፣ አትሂጂ የሚሉኝ ከሆነ፣ ዐይንዎን ይጨፍኑልኝ። ወላሂ እቀራለሁ» አልኩ።

አልጨፈኑም። አፍጥጠው አዩኝ። ጠበቅኩ። ሹፌሩ ደወለ፤ ጠበቅኩ፤ ደግሞ ደወለ። ዐይናቸው ደም መሰለ፣ እንባው ሞልቶ በጆሯቸው በኩል ወረደ፤ አልጨፈኑም። «አልሐምዱሊላህ፣ ማንም የለም» ብዬ ግንባራቸውን ሳምኩና ሮጥኩ።

መኪናው የኮበርን መንገድ ሲይዝ ቀለል ብሎኝ ነበር። መስኮቱን ብከፍት አሸዋ ያዘለ ንፋስ ፊቴን መታኝ፤ ዐይኔ በራሱ ጊዜ ተርገበገበ። ለካ ዐይን ማንንም ሳያስፈቅድ ይርገበገባል፤ የሃጃም ቀኑን ሙሉ ሲርገበገብ ነው የማውቀው። እየተቃጠለ፣ እያነባ፣ ያን ያህል ጊዜ ከፍቶ የያዘው ማን ነው?

«ተመለስ» ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ብዬ እመለሳለሁ? ሂጂ ነው እኮ ያሉኝ።