ለዘሪሁን ያጎረስኩት ዓሣ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም ደብቄያለሁ። ለእናንተ የምናገረው ፊታችሁን ስለማላየው ይሆናል። እኔ ወዳጄን ዘሪሁንን ከድቻለሁ። የከዳሁትም በገዛ እጄ እያጎረስኩት ነው።

ያኔ እዚህ ስደት አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ወጥ ቤት እሠራ ነበር። ታክሲ የሚነዳው ዘሪሁን ሰኞ ሰኞ፣ ሁለታችንም ሥራ በማንገባበት ቀን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ግድብ ይወስደኛል። ባስ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ያስተማረኝ እሱ ነው። ራሱ ላይ የእርሳስ ክብደት ያለበትን መንጠቆ ዓሣ ማታለያ በሆነው ለስላሳ የፕላስቲክ ትል ውስጥ እንዴት እንደምሰካ፣ ትሉን ከውሃው ሥር እንዴት ቀስ አድርጌ እንደምጎትት፣ ሳይሰለች አሳየኝ። ሸምበቆው ጥግ አንዲት ትልቅ ዓሣ ነበረች፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ የዳነ። «እትዬ» ይላታል። ይይዛታል፣ ሰላም ይላታል፣ መልሶ ይለቃታል። ዓሣ ይዞ የሚለቅ ሐበሻ የት ይገኛል? ቦታዋን ለማንም ላንናገር ቃል ተገባባን።

አንድ ሰኞ እኔ ሥራ ተጠርቼ ቀረሁ። በማግስቱ ዘሪሁን ሌላ ነገር ሊያሳየኝ ስልኩን ሲሰጠኝ አንድ ፎቶ አየሁ፤ አንድ የማላውቀው ሰው ሸምበቆው ጥግ ቆሞ እትዬን ይዞ ይስቃል። ፎቶውን አልፌ ስልኩን መለስኩለት። ለምን አልጠየቅኩትም? ምን ይከብደኝ ነበር? እኔ ግን ተከዳሁ አልኩ።

ብቻዬን ሄድኩ። እሱ በሰጠኝ ትል፣ እሱ እንዳስተማረኝ አድርጌ ያዝኳት። አልለቀቅኳትም።

ዓርብ ነበር። በጾም ቀን ዓሣ ሁለታችንም እንበላለን። ጠበስኳትና ዘሪሁንን ጠራሁት። በአዋዜ ነክሬ አጎረስኩት። ጉርሻ እምቢ አይባል፤ ዋጠው።

«አሪፍ ነው፤ ፍሬሽ ነው። ከየት ገዛኸው?» አለኝ።

«ከማርኬት» አልኩና ደገምኩለት፤ እኔም ጎረስኩ።

እሱም እያኘከ እንዲህ አለኝ፦ «ሶ፣ በሚቀጥለው ወር ሲያትል ሙቭ ላደርግ ነው። ባለፈው ሰኞ አንድ ጥሩ ልጅ ወስጄ ቦታችንን አሳየሁት። እኔ ስሄድ ብቻህን እንዳትሆን ብዬ ነው። እንዳትቀየመኝ፣ ኦኬ?»

ያኔ መናገር እችል ነበር። ተነስቼ ውሃ ቀዳሁለት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዛሬም ያ ፎቶ ትዝ ሲለኝ ይቆጠቁጠኛል። ሳይጠይቀኝ ቃላችንን አፍርሷል። ግን እሱ ያፈረሰው ለእኔ ብሎ ነው። እኔስ ለማን ብዬ ነው ያረድኳት? ለማን ብዬ ነው ለሱ ያበላኋት?

በየጊዜው ይደውላል። «እትዬ እንዴት ናት?» ይለኛል። «ደህና ናት» እለዋለሁ። እኔ፣ የበላኋት ሰውዬ።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ዘሪሁን ባለፈው እሑድ ደውሎ ነበር። ለፋሲካ ትንሿን ልጁን ይዞ ሊመጣ ነው፤ እትዬን ሊያሳያት።

«ና» አልኩት።