ማርሽ የምትተፋው ጀልባ

የእህቴ ባል በሕይወቱ ሰው ላይ ጮኾ አያውቅም። ይህን የምለው ላሞግሰው ብዬ አይደለም፤ አንዳንዴ ደሜን ያፈላው ነበር። እኔ ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ቲኬት ቆራጭ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ስነታረክ እውላለሁ፣ ምላሴ ስለት እንደሆነም ወዳጅም ጠላትም ይመሰክራል። እሱ ግን ጠጥቶ መጥቶ ጀልባዋ ውስጥ ካልቆምኩ የሚለውን ጎረምሳ እንኳን «እስቲ ወንድሜ፣ ቁጭ ብትልልኝ» ነው የሚለው። መሳፈሪያው ላይ ሁሉም «ጋሽ ቀስታ» ይለዋል። ለእኔ ጋሼ ነው፤ እህቴን ደግሞ እትዬ ነው የምላት።

እህቴን ሲያገባ እኔ ገና የወተት ጥርሴን አልጨረስኩም ነበር። ወላጆቻችን ስላለፉ፣ እሷን የወሰደ እኔንም መውሰዱ የግድ ሆነበት። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን ያጠቁር ነበር። እሱ በዚያው ሰሞን ሳንቃ ፈልጎ ከጓዳው ጥግ አልጋ ሠራልኝ፤ ስንጥር እንዳይወጋኝ ጎኖቹን በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ ፍቆ አለሰለሳቸው። ያኔ የዓሣ ጀልባ ቀዛፊ ነበር። ኋላ ላይ ከሰው ጋር እየሠራ ቆይቶ ተሳፋሪ የሚያመላልስባትን ባለሞተር ጀልባ የራሱ አደረገ። ልጅ አልወለዱም። በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ አላውቅም፣ አንዱ ለሌላው የነበረው ስስት ከልክ ያለፈ ነበር። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እኔም አለሁ!» እያልኩ ነው ያደግኩት።

ከዚያ እትዬ ታመመች። ካንሰር ነበር፤ የጀርባዋ አጥንት ውስጥ ገባ። ሐኪሙ ነገሩን ሲያስረዳን ጋሼ ከዚያ ሁሉ ንግግር አንዲት ነገር ብቻ ይዞ ወጣ፦ እንዳትንገጫገጭ። ቤት እንደገባን የበሩን ማጠፊያ ዘይት አጠጣው። የወንበሮቹን እግር በጨርቅ ጠቀለለ። ድስት ሲከድን እንኳን ትንፋሹን ውጦ ነበር። እትዬ አልጋዋ ላይ ሆና «ይሄ ሰውዬ በስተርጅና ሌባ ሊወጣው ነው መሰለኝ» እያለች ትስቅ ነበር፣ ሳቁ ጀርባዋን ሰቅዞ እስኪይዛት ድረስ።

ሆስፒታሉ ከሐይቁ ማዶ ነው። ሐይቁን የሚዞረው መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ስለሆነ፣ አንዴ በመኪና ሞክረን ግማሽ ሳንደርስ እየጮኸች መለስናት። የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ደግሞ ጠባብ ናቸው፤ ኩርምት ብሎ መቀመጥ ይጠይቃሉ፣ እሷ ደግሞ መታጠፍ አትችልም። የቀረን የጋሼ ጀልባ ብቻ ነበር። የመሃል አግዳሚዎቹን ነቅሎ ሳንቃ አነጠፈበት፣ ከላይ ፍራሽ ዘረጋበትና ለምርመራ ያመላልሳት ጀመር። ሐኪሞቹ ሕመሟን የሚያስታግስላት የጨረር ሕክምና ነው አሉ። ማሽኑ አንድ ነው፣ ወረፋው ለጉድ ነው። ተራው ያለፈበት ሰው እንደገና ከመጨረሻ ይሰለፋል። እትዬ ሌላ ወረፋ የምትጠብቅበት ዕድሜም አቅምም እንዳልነበራት ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ጀልባዋ ማጓራት የጀመረችው በዚህ መሃል ነው።

ሞተሩ ሲነሳ ሰላም ነው። ሲሄድም ሰላም ነው። ችግሩ ማርሽ ሲገባ ነበር። ጋሼ በቀኝ እጁ በኩል ያለችውን እጀታ ወደፊት ሲገፋት፣ ከኋላ ከውሃው ሥር ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ይመጣል፦ ግርርርርር፣ ከዚያ ቋ!

የእኛ መሳፈሪያ ሰዎች አንድ አመል አላቸው። የታመመ ሞተር ከገጠማቸው፣ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ድምፁን በአፋቸው ማሰማት አለባቸው። ሁሉም በየተራ ያጓራል፣ ከዚያ ማን በትክክል አጓራ በሚለው ላይ ክርክር ይነሳል። መረብ ጠጋኙ «ግርርር ነው የሚለው፤ የማርሹ ሽቦ፣ ካቮው ላልቷል» አለ። ቀለም ቀቢው «ኧረ ተው! ክርክርክር ነው እንጂ። ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ ነገር አለ» አለ። ነዳጅ ቀጂው ሁለቱንም በንቀት አይቶ ጉንጩን ነፋና «ሙርርር-ጧ!» ሲል መንገደኛ ሁሉ ዞረ። የሱ ብይን ዘይት ነው። እኔ ከቲኬት መስኮቴ ሆኜ «እናንተ ስታጓሩ ተሳፋሪው ሸሸብኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋሼ ይስቅ ነበር። ያን ቀን አልሳቀም። መሃላቸው ቆሞ፣ አንዱ ባጓራ ቁጥር መድኃኒት እንደሚጠብቅ ሰው አፍ አፉን ያያል።

ያሉትን ሁሉ ሞከረ። ከእጀታዋ እስከ ሞተሩ የሚሄደውን ካቮ ፈትቶ አጠበቀው፤ ድምፁ እንዳለ ነው። ጀልባዋን ወደ ዳር ስቦ ውሃውን የሚቀዝፈውን ባለሦስት ቅጠል ፕሮፔለር አወለቀ፤ እውነትም የመረብ ክር ተጠምጥሞበት ተገኘ። ቀለም ቀቢው ደረቱን ነፋ፣ ክሩ ወጣ፣ ድምፁ ግን እንዳለ ነው። ጀልባዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ ፍጥነቱ በዝቶ ይሆናል ብሎ ቀነሰው፤ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ማርሾቹ ያሉበትን የካምቢዮውን ዘይት በጣሳ ቀዳ። ውሃ ገብቶበት ቢሆን ነጣ ይል ነበር፤ አልነጣም። ነገር ግን በጣቱ ነክቶ ወደ ፀሐይ ሲያዞረው ያብረቀርቃል። የብረት ብናኝ ነው።

«እየተበላ ነው» አለኝ። «ውስጥ ለውስጥ እየተበላ ነው፣ እኔ ደግሞ ምኑ እንደሆነ አላውቅም።»

ስለ ካምቢዮው እንደሚያወራ አውቃለሁ። እኔ ግን ያሰብኩት እትዬን ነው። ሥራ እንዳለበት ሰው ወደ መስኮቴ ተመለስኩ።

መካኒኩን ጠራነው። ጋራዡ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ነው፤ ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነው፣ የውሃ ፓምፕም ወፍጮም ጀልባም አይመርጥም። ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ ተደላደለ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ እጀታዋን ወደፊት ወረወራት፦ ቋ። ወደኋላ፦ ቋ። ደጋገመው። ማጓራት የሚባል ነገር የለም።

«ጋሽ ቀስታ፣ ይሄ ሞተር ከኔ ጤና ይሻላል። ምኑን ላክመው?» ብሎ ስቆ ሄደ።

ጋሼ እንደ ውሸታም ቀረ። ከሰዓት በኋላ ተሳፋሪ ጭኖ ራሱ ሲያስገባው ግርርርርር አለ። «እኔን ነው የጠላኝ» አለ። የምሩን ነበር።

ከሆስፒታሉ ስልክ የተደወለ ቀን ከእትዬ አልጋ አጠገብ ነበርኩ። ተራዋ ደርሷል፣ ነገ ጠዋት። እልል ማለት ነበረብን። በዚያው ቀን ግን ጋሼ ከማዶ ሲመለስ ማርሹ ተፋ፤ እጀታዋ ወደፊት እንደተገፋች ማርሹ በራሱ ጊዜ ወጣ፣ ሞተሩ ባዶውን ጮኸ፣ ጀልባዋ ቆመች። ተሳፋሪዎቹ እየተራገሙ በመቅዘፊያ ደረሱ። ጋሼ ወደ መስኮቴ መጥቶ ግንባሩን ብረቱ ላይ ደገፍ አደረገ።

«ነገ መሃል ሐይቅ ላይ ብትተፋብኝስ?»

ከዚያ ሄዶ መካኒኩን ደጁ ላይ ለመነው። «ነገ አብረኸን ሂድ። ካላጓራ እንደፈለግክ ስደበኝ» አለው።

ጠዋት ንፋስ ነበር። እትዬን በአንሶላ ይዘን ፍራሹ ላይ አሳረፍናት፤ እኔ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ያዝኩ። መካኒኩ ጀልባዋን ከዳር ገፍቶ እየዘለለ ሲገባ ማርሹ አጓርቶ ያዘ፣ ሄድን። መሃል ሐይቅ ደረስን።

እዚያ ተፋ። ሞተሩ ባዶውን ጮኸ፣ ጀልባዋ ጎኗን ለሞገድ ሰጠች፣ እትዬ በእያንዳንዱ ውዝዋዜ ታቃስት ጀመር። ጋሼ እጀታዋን ወደ መሃል መልሶ እንደገና ገፋት። ግርርርርር፣ ያዝ አደረገ፣ ተፋ። ደገመ። ግርርርርር፣ ተፋ። መካኒኩ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ጥሎ ነበር፤ በሦስተኛው ቀና አለና ሞተሩን ትቶ የጋሼን እጅ ያይ ጀመር።

«ቆይ ቆይ። እስቲ ድገመው።»

ጋሼ ደገመው። እጀታዋን በሁለት ጣት ይዞ፣ የተኛ ሕፃን ላይ ብርድ ልብስ እንደሚስብ ሰው፣ ቀስ... ቀስ...

«ምን እያደረግክ ነው አንተ ሰው?»

«ሲገባ ጀልባዋ ትነጥራለች። እንዳያማት ብዬ ነው፣ እያባበልኩ...»

መካኒኩ ራሱን ያዘ። «ማርሽ ይባበላል እንዴ? ውስጡ ጥርስ ለጥርስ ነው የሚነካከሰው። ወርወር ስታደርገው ገጥሞ ይይዛል። ቀስ ስትል አንዱ ባንዱ ላይ እየተንሸራተተ ይፋጫል። በገዛ እጅህ ሞርደህ ሞርደህ ጨረስከው እኮ! ያን ቀን እኔ ሳስገባው ዝም ያለው ለዚህ ነው።»

ጋሼ እጁን አየው። የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጦ አየው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ዳግም ማየት አልፈልግም።

«በኋላ ማርሽ እንሂድ» አልኩ።

«በዚህ ሞገድ? ከኋላ ውሃ ይሞላናል» አለ መካኒኩ። «የጥርሱ ሥር ገና አላለቀም። ባለ በሌለ ኃይልህ አንዴ ወርውረህ ካስገባኸው ይይዛል፤ ከዚያ እስክንደርስ ተጭነህ መያዝ ነው። ግን ትነጥራለች፣ አልዋሽህም።»

ጋሼ እጀታዋን ያዘ። ክንዱ ተወጠረ። ለቀቀ። እንደገና ያዘ፣ እንደገና ለቀቀ። «አልችልም» አለ። «አልችልም፣ አልችልም።»

«በቃ ተነስ፣ እኔ ላስገባው» አለ መካኒኩ።

«አይሆንም» አለች እትዬ። ዓይኗን እንደጨፈነች ነበር። «ነገም ከነገ ወዲያም የሚወስደኝ እሱ ነው። ራሱ ያስገባው።»

«ያምሻል፣ ዓለሜ።»

«አሁንስ ምን ሆኜ መሰለህ? ቀስ ስትልም ያመኛል እኮ። ያመኛል፣ ደግሞም አልደርስም። በናትህ አትሳሳልኝ። አስገባው!»

ዞር ብሎ እኔን አየ። ተው እንድለው፣ ወይም በርታ እንድለው የሚለምን ዓይን ነበር። «ጋሼ፣ ተራዋ እያለፈ ነው» አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኖ ወረወራት። ጓ! ጀልባዋ እንደተገረፈች ፊቷን አነሳች፣ እትዬም ጮኸች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእህቴ ወጥቶ አያውቅም። ጣቶቼን እስኪላቀቁ ድረስ ጨመቀቻቸው። ጋሼ ግን አልለቀቀም። እጀታዋን በሁለት እጁ ይዞ፣ በደረቱ ጭምር ተጭኗት፣ እንባው እየወረደ «ይቅር በይኝ፣ ይቅር በይኝ» እያለ ሐይቁን አሻገረን። እትዬ ከብዙ ቆይታ በኋላ «እየሄደች ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እየሄደች ነው እትዬ» አልኳት።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ስንደርስ ቀጣዩን ታካሚ ሊጠሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር። አልጋዋን እየገፉ አስገቧት፣ ከባዱ በር ተዘጋ። እኔና ጋሼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ተገላገልን ብዬ ገና መተንፈሴ ነበር፣ ማሽኑን የምታሠራዋ ልጅ ፊቷ ተጨንቆ ወጣች።

«ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብለው መተኛት አለባቸው። ካልተዘረጉ ማሽኑን ማስነሳት አንችልም። ልናስተካክላቸው ስንሞክር ይጮኻሉ፣ እኛም እንለቃቸዋለን። ሌላ ታካሚ እየጠበቀ ነው፤ ምን ማድረግ እንዳለብን...» ብላ አንገቷን ደፋች። «እሳቸው ግን ባሌን ጥሩልኝ ነው የሚሉት። ‹እሱ ዛሬ ችሎበታል› ይላሉ።»

ጋሼ ተነሳ። ልጅቷን ተከትሎ ገባ።

በሩ ወፍራም ነው፤ ግን ጩኸቷን ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ጋሼ ወጣ፣ በሩ ተዘጋ፣ ከበሩ በላይ ያለው ቀይ መብራት በራ። አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«በአንድ ጊዜ ዘረጋኋት» አለኝ። «እየለመነችኝ አልለቀቅኋትም። አልለቀቅኋትም።»

ከዚያ ፊቱን በግራሶ በጠቆሩ እጆቹ ሸፍኖ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።