ያላየሁት ፊት

ሰሞኑን ሁለት ፊልሞች አየሁ። አንደኛው ሩጫና ተኩስ ብቻ ሆነብኝና እኩሌታው ላይ ትቼው ተነሣሁ። ሁለተኛው ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አንዲት ነርስ፣ ዓይኑ ለጠፋ በሽተኛ ሽማግሌ፣ ልጁ ሳይመጣ መጥቷል ብላ ትነግረዋለች። ሽማግሌው ደስ ብሎት ይሞታል፤ ሙዚቃው ይነሣል፤ ፊልሙ ያልቃል። ተዋናዮቹ ጎበዞች ናቸው። የጻፈው ሰው ግን እንዲህ ያለ ውሸት ተናግሮ የሚያውቅ አልመሰለኝም። እኔ ተናግሬያለሁ። የተዋሸው ሰው በማግስቱ አይሞትም፤ ይነሣል፣ ይኖራል።

በንጉሡ ዘመን፣ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ከአክስቴ ከእትዬ ዘውዴ ቤት ተቀምጬ እማር ነበር። አበጀ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ወታደር ሆኖ ኮርያ ዘመተ፤ አብረውት የሄዱት ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም። ደብዳቤም መርዶም አልመጣም። ሦስት ዓመት ከተጠበቀ በኋላ ባላቸው አያ ካሴ፣ «ልጄ ያለ ፍታት አይቅር» ብለው ለተዝካሩ ቀን ቆረጡ። ብቅሉ ተፈጨ፤ ቤቱ ሁሉ በተወቀጠ ጌሾ ሽታ ታፈነ።

በዚያው ሳምንት ሲኒማ የምታሳይ የመንግሥት መኪና አቧራ ለብሳ ከደብረ ታቦር መጣች። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተጋረዱና በቀትር ጨለመ። ሲኒማ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። አንሶላው ላይ የስንዴ ማሳ መጣ፤ ቀጥሎ ወደ ኮርያ የሚዘምት ሰልፈኛ ወታደር፤ ቀጥሎ ባሕር። እስከዚያ ቀን የማውቀው ትልቅ ውኃ የክረምት ጎርፍ ነው። ወታደሮቹ መርከብ ሲሳፈሩ እኔ ዓይኔን ከማዕበሉ መንቀል አቃተኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ዘውዴ ጉልበቴን ጨመደዱት።

«ያ ዘወር ያለው! የሣቀው! አበጀ አይደለም?»

እኔ ልብ ስል የሌላ ሰው ጀርባ ነው።

«ያንቺ ዓይን ይሻላል። እሱ ነው በይኝ፣ ልጄ።»

«እሱ ነው፣ እትዬ» አልሁ።

እልል አሉ። ፊልሙን የሚያሳየው ሰው ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ይኼ እኮ ሲሄዱ የተነሣ ነው፤ የቆየ ነው» ቢላቸው አልሰሙትም። ቤት ገብተው ጌሾውን አንሥተው ደጅ ደፉት።

«ልጄ በሕይወት አለ! የምን ተዝካር ነው!»

በማግስቱ ጠዋት አያ ካሴ አውድማ ላይ ጠሩኝ። መንሻቸውን ተደግፈው፣ «አየሽው?» አሉኝ።

እውነቱን ብናገር እትዬን በእጄ የምገድላቸው መሰለኝ። «አየሁት» አልሁ።

«እንግዲያ እንጠብቀው» ብለው ወደ ገብሳቸው ዞሩ።

ስድስት ዓመት ጠበቁት። አያ ካሴ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ተጠግተው ብቻቸውን ሲያለቅሱ ስንት ጊዜ አየኋቸው። ቤት የሚገቡት ፊታቸውን ታጥበው ነበር። በሰባተኛው ክረምት አረፉ። እኔ ያን ጊዜ ደብረ ታቦር አስተምር ነበር፤ ለቀብሩ ደረስሁ። ከቀብር መልስ እትዬ ዘውዴ የንስሐ አባታቸውን፣ «የአባትና የልጁን ተዝካር ባንድ ቀን ያድርጉልኝ» አሏቸው።

ሰው ሲበተን እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ያን ጊዜ አበጀን አላየሁትም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። «ታዲያ ምን ታዪ ነበር?» አሉኝ።

«ባሕሩን።»

«እኔ ደግሞ ባሕሩን ልብ አላልሁትም።» ከመደቡ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። «ነይ ተቀመጪ። ልጄ የተሻገረው ውኃ ምን ይመስላል? ንገሪኝ።»

የማስታውሰውን ነገርኋቸው። ቀለሙን ጠየቁኝ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለ ነበር አላውቀውም አልኋቸው፤ ይህን አልዋሸሁም።

ዛሬ እኔም እሳቸው ባረፉበት ዕድሜ ላይ ነኝ። እትዬ ይቅር ብየሻለሁ የሚል ቃል አልወጣቸውም፤ ግን እስኪሞቱ ድረስ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። የሚቆጨኝ የአያ ካሴ ነገር ነው። ያን ጠዋት እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ፣ ቢያንስ ሁለት ሆነን እናለቅስ ነበር።