ከቀጠሮው የቀደሙት ሽማግሌ

ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጁን ሊድር ወይም የተጣላ ሊያስታርቅ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የጋሽ ላጲሶን በር ነው። አፋቸው ማር ነው። የተቆጣ አባት ፊት ቀርበው አንዲት ቀልድ ጣል ካደረጉ የማይፈታ ፊት የለም። ጉድለታቸው አንድ ብቻ ነው፤ ይረሳሉ። ሠርጉንም፣ ለቅሶውንም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ስብሰባም "እሺ፣ እገኛለሁ!" ይሉና ይቀራሉ። ሰዉም ለምዶት "ላጲሶ ናቸው እንግዲህ፣ ምን ይደረግ" ብሎ ያልፋቸዋል።

አቶ መሐሪ ግን አላለፏቸውም። የጋሽ ላጲሶ ጎረቤት እዝራ የአቶ መሐሪን ልጅ እድላዊትን ወድዶ፣ ሽማግሌ እንዲሆኑለት ለምኗቸው ነበር። አቶ መሐሪ ዕድሜ ልካቸውን የአውሮፕላን ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ፣ በሰዓት ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። በተቀጠረው ቀን ሱፋቸውን ለብሰው ሳሎን ሲጠብቁ፣ ጋሽ ላጲሶ ሾላ ገበያ በርበሬ እያማረጡ ነበር። አብረዋቸው ሊሄዱ የተጠሩት አቶ አምላኩ መንገድ ዳር ተገትረው ዋሉ። እድላዊት አለቀሰች፣ እዝራ እህል አልቀመሰም። አባትየውም "ልጄን ከልቡ የፈለገ ሰው ቀጠሮ አይረሳም" አሉ። በስንት ልመና ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጡ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና በቃል አላመኑም፤ ወረቀት ላይ ጽፈው ለልጃቸው ሰጧትና "በዚህም ከቀሩ የዚያን ልጅ ስም እዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳልሰማ" አሉ።

ጋሽ ላጲሶ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። የደረሰችላቸው ቦሌ ቢሮ የምትሠራው ልጃቸው ቤቴል ናት።

"አባዬ፣ ስልክህን አምጣ። ይሄ ኤአይ ነው። የጥሪ ካርዱን ፎቶ አንስተህ ትሰጠዋለህ፣ እሱ ራሱ አንብቦ ካላንደርህ ውስጥ ያስገባልሃል። ሰዓቱ ሲደርስ ይጮህልሃል።"

"እኔ ምንም አልጽፍም?"

"ምንም።"

"ሂጂ! ውሸትሽን ነው!"

ቤቴል ቡፌው ላይ የተከመረውን አንድ የሠርግ ካርድ አንስታ አሳየቻቸው። ዓይን ሳይጨፈን የሙሽሮቹ ስም፣ አዳራሹና ቀኑ ስልኩ ላይ ቁጭ አሉ። ጋሽ ላጲሶ ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሡ። "ጌታ ይባረክ! ሌላ ጨምሪ እስቲ!"

ከዚያማ ማን ያቁማቸው። የቡፌውን ካርድ ሁሉ ጨረሱ። ደረጃው ላይ የተለጠፈውን የውሃ ፈረቃ አነሡ። የቤተ ክርስቲያኑን የጉባኤ ፖስተር አነሡ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው የቦሌ መንገድን የፈርኒቸር ቅናሽ ባነር ሳይቀር በመስኮት አነሡ፤ የሚገዙት ነገር ኖሮ አይደለም፣ ደስ ስላላቸው ነው። ስልኩም እሺ እያለ ሁሉንም ተቀበለ። ያን ሰሞን አንድም ቦታ አልቀሩም፤ አንድ ለቅሶ ላይ እንዲያውም ድንኳኑ ሳይተከል ደርሰው ካስማ አብረው መቱ።

እዝራ የአቶ መሐሪን ወረቀት ፎቶ በቴሌግራም ሲልክላቸው፣ ቤቴልን እንኳ ሳይጠሩ በገዛ እጃቸው ለኤአዩ ሰጡት። ወረቀቱ "እሑድ፣ 8 ሰዓት" ይላል። "ተመዝግቧል" ሲላቸው ስልኩን ሳሙት።

እሑድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ፦ ሽምግልና፣ አቶ መሐሪ ቤት። ጋሽ ላጲሶ በርግገው ተነሡ፤ አልተጠራጠሩም። ሽምግልና ድሮም የጠዋት ነገር ነው፤ አባቶች ደጅ የሚቆሙት ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ለአቶ አምላኩ ደወሉ።

"ኧረ እኔ ከሰዓት መስሎኝ!" አሉ አቶ አምላኩ።

"ስልኩ ካንተ ይበልጣል! ጫማህን አድርግ!"

ገርጂ ሲደርሱ አቶ መሐሪ በቢጃማ፣ የውሃ ጎማ ይዘው አትክልት ያጠጣሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ጎን ለጎን ቆመው አንገታቸውን ሰበሩ። አቶ መሐሪ አፈጠጡባቸው።

"ስምንት ሰዓት ነው እኮ ያልኩት!"

ጋሽ ላጲሶ ስልካቸውን በኩራት ዘረጉ። "ይኸው፣ ስምንት ሰዓት!"

አቶ መሐሪ ዓይናቸውን ጣል አደረጉበት። "ይሄ የፈረንጅ ስምንት ነው። በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት።"

እስከዚያ ቀን የተነሡት ካርዶች በእንግሊዝኛም የተጻፉ ስለነበሩ ስልኩ ተሳስቶ አያውቅም። በእጅ የተጻፈ የአበሻ ሰዓት ሲያጋጥመው የመጀመሪያው ነው። ጋሽ ላጲሶ የዘረጉትን ስልክ መልሰው ሸሸጉ። የእዝራ ነገር አበቃለት ብለው ፈሩ፣ ያ ማር አፋቸውም ደረቀ።

"አቶ መሐሪ፣ እውነቱን ልንገርዎት። የፊተኛውን ረሳሁ፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የልጁ አይደለም። አሁን ደግሞ እንዳልቀር ስፈራ ጊዜ ቀደምኩ።"

አቶ መሐሪ አንዴ ሽማግሌዎቹን፣ አንዴ ቢጃማቸውን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነው። ጎማው ከእጃቸው አምልጦ የአቶ አምላኩን ጫማ አራሰው።

"የሚቀር ሽማግሌ አይቻለሁ። ግማሽ ቀን ቀድሞ የሚመጣ ግን ዛሬ ገና አየሁ። ግቡ!"

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ላጲሶ፣ እንደ ወጉ።

"ጉዳያችሁ ወንድሞቼ ሲመጡ፣ በስምንት ሰዓት ነው። አሁን ቁርስ ነው።"

ጨጨብሳው ቀረበ። አቶ መሐሪ ግን ዓይናቸው ከስልኩ አልነቀል አለ። የሞተር ሰው ናቸው፤ የተሳሳተ ነገር ሲያዩ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ካላወቁ እህል አይወርድላቸውም። እሳቸውም የካርድ ክምር ነበራቸው፣ አመጡት። አንዱን በአንዱ ላይ እያነሡ ሰዓቱን አብረው መረመሩ።

"ንገሩት እንጂ! በአበሻ ሰዓት መሆኑን ንገሩት!" አሉ አቶ መሐሪ።

ጋሽ ላጲሶ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። "ስማ ወንድሜ፣ እዚህ አገር ስምንት ሰዓት ማለት ከምሳ በኋላ ነው።"

ስልኩ ይቅርታ ጠይቆ አረመ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ልጅ ጮኹ። እድላዊት ጩኸቱን ሰምታ ከጓዳ ብቅ አለች። አባቷን ከእዝራ ሽማግሌዎች ጋር ግንባር ለግንባር ገጥመው ስታይ አፏን በእጇ ይዛ ተመልሳ ሮጠች።

ጃኬት ወለቀ፣ ምሳ ተበላ። በጨዋታ መሀል ጋሽ ላጲሶ ስለ ሰፈራቸው ሲያወሩ፣ ውሃ ሲጠፋ እዝራ ጄሪካን ተሸክሞ ላይኛው ፎቅ ላሉ አሮጊቶች እንደሚያደርስ ነገሩ። ለማሞገስ አልነበረም፤ የውሃው ፈረቃ ወሬ ተነሥቶ ነው። አቶ መሐሪ ግን መጉረሳቸውን አቆሙና "በየጊዜው?" ብለው ጠየቁ።

በቀጠሮው ሰዓት የአቶ መሐሪ ወንድሞች ሱፋቸውን ግጥም አድርገው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ገቡ። "አይሆንም" ለማለት የተዘጋጀ ፊት ነው። እጅጌያቸውን የሰበሰቡትን ሁለት ሰዎች እንደ ቤተኛ ሰላም አሏቸው። ታላቅየው ዘርአጽዮን ሰዓታቸውን አዩ።

"ዛሬም ቀሩ አይደል? አላልኩህም?"

"መጥተዋል" አሉ አቶ መሐሪ።

"የታሉ?"

"እነዚህ ናቸው።"

ጋሽ ላጲሶና አቶ አምላኩ ተደናግጠው ተነሡ። ጃኬታቸውን እየጎተቱ፣ ወጉን ሊያደርሱ ጎን ለጎን ቆሙ። ጋሽ ላጲሶ ሰሞኑን ሲያጠኑት የከረሙትን ንግግር ለመጀመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ኧረ ቁጭ በሉ" አሉ አቶ መሐሪ። "ዘመድ ከሆንን እኮ ቆይተናል። ልጅቷን ሰጥቻለሁ።"

ከጓዳው በር ጀርባ እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ላጲሶ አንድ እጅጌያቸውን ብቻ እንዳጠለቁ አቶ መሐሪ አንገት ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ።