ያልጻፍሁት ማመልከቻ

የዛሬ ወር ገደማ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ እያሰጣሁ የግቢው በር ተንኳኳ... ስከፍት አባቴ ናቸው።

አባባ የሚኖሩት ከእንፍራንዝ ወዲያ ገጠር ነው። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ወደምከራየው ቤት ሳይደውሉ መጥተው አያውቁም። ሰው የሞተ መስሎኝ ክው አልሁ።

«ደኅና ነን። አንድ ነገር እንድትጽፊልኝ ነው የመጣሁት» አሉ።

ምሳ አቀረብሁ። በልተው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ የሚጻፈውን ነገሩኝ። ለቀበሌ የሚገባ ማመልከቻ ነው። ጎረቤታችን እትዬ አንጓች ድሃ ስላልሆኑ ከርዳታ ተቀባዮች መዝገብ ይሰረዙ የሚል።

የእትዬ አንጓች ባለቤት የሞቱት እኔ አምስተኛ ክፍል እያለሁ ነው። መሬት አላቸው፤ ያውም ወንዙ ዳር፣ ሽንኩርት የሚያበቅል መሬት። በሬ ግን አልነበራቸውም። በእኛ አገር በሬ የሌለው ሰው መሬቱን በሬ ላለው ሰጥቶ ምርቱን ይካፈላል። የሳቸውን መሬት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ አምና ያረሱት የኔ አባት ናቸው።

ዘንድሮ አንድ የርዳታ ድርጅት ስንዴና ዘይት ማደሉን ትቶ ለመንደሩ ችግረኞች በየወሩ በስልክ ብር ይልክ ጀመር። ይህን ግዙ፣ ያን አትግዙ የሚላቸው የለም። እትዬ አንጓች ሆዳቸውን አስረው አጠራቀሙና አንድ በሬ ገዙ። እንደሳቸው አንድ በሬ ብቻ ካላት ሴት ጋር ተቀናጁ፤ ሁለቱን በሬ አንድ ላይ ጠምደው በተራ ሊያርሱ። ደሴ የሚባለው ልጃቸው ለቀን ሥራ ወርዶ ከነበረበት ከመተማ ተመልሶ እርፍ ጨበጠ። መሬታቸውን ራሳቸው አረሱ።

በቃ... ጥፋታቸው ይኸው ነው።

«በሬ ያለው ሰው ድሃ ይባላል?» አሉኝ አባባ።

«በርዳታው ብር አይደል እንዴ የገዙት?»

«ብሩ የተሰጣት ለዕለት ጉርሷ ነው። ጠግባ መሬቴን እንድትነጥቀኝ አይደለም።»

«የማንን መሬት ነው አባባ?»

በዕድሜዬ አባቴን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ከጀመርሁ አይቀር ብዬ ቀጠልሁ።

«ምርቱን እንዴት ነበር የምትካፈሉት?»

«ሁለት እጅ ለኔ፣ አንድ እጅ ለሷ።»

«ሌላው ሰው እኩል አይደል እንዴ የሚካፈለው?»

«ዘሩ የኔ፣ ማዳበሪያው የኔ፣ ጉልበቱ የኔ። ደግሞስ ማን ይጠይቀኛል? ባል የላት።»

ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ያሏት ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ነው። ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

«አልጽፍም» አልሁ።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ቀና ብለው አዩኝና በቀስታ «አንቺ በምን የተማርሽ ይመስልሻል?» አሉኝ። «እዚህ ባሕር ዳር ስትማሪ እልክልሽ የነበረው ብር፣ ልብስሽ፣ ደብተርሽ... ያ የሷ መሬት ሽንኩርት ነው።»

ትዝ ያለችኝ ማሬ ናት።

ማሬ የእትዬ አንጓች ልጅ ናት። እስከ ሰባተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። የሒሳብ የቤት ሥራ የምገለብጠው ከሷ ነው። አንድ መስከረም ላይ ሳትመዘገብ ቀረች። «እማዬ ዘንድሮ አልሞላላትም» አለችኝ። ከዚያ ጎንደር ሰው ቤት ተቀጠረች፤ ዛሬም እዚያው ናት። እኔ አዲስ ቦርሳ አንግቤ ስምንተኛ ክፍል ገባሁ። ያኔ በጣም አዝኜላት ነበር። እግዜር ያሳያችሁ... የሷን እየበላሁ አዝንላት ነበር።

እንዴት እንደተናደድሁ ልነግራችሁ አልችልም። ሳህኑን አንስቼ ወደ ጓዳ ባልገባ ኖሮ ከአፌ ምን ይወጣ እንደነበር እንጃ። ስመለስ አባባ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል።

«ፍርድ ቤቱ በር ላይ በብር የሚጽፍ ሞልቷል» ብለው ወጡ። ባጃጅ ሲያስቆሙ በመስኮት አየሁ። በር ድረስ እንኳ አልሸኘኋቸውም።

ወዲያው ለእትዬ አንጓች ደወልሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «መሬቱን መልሺ ብሎ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር።»

«ምን አሏቸው ታዲያ?»

«ከእንግዲህ ልጄን መተማ አልሰድም አልኋቸው። ሌላ ምን እላለሁ?»

«እትዬ... ይቅር ይበሉኝ።»

«አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ» አሉኝ፣ ከልባቸው ገርሟቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማመልከቻው ገባ። ባለፈው ሳምንት ኮሚቴ መጥቶ በሬውን አየና እትዬ አንጓችን ከመዝገብ ሰረዛቸው። ያን ሁሉ ዓመት ድርሻቸው ሲጎድልባቸው ማንም መጥቶ ያላያቸው ሴት፣ አንድ በሬ ሲገዙ ማመልከቻ ገብቶባቸው ወር ሳይሞላ ታዩ። ብሩ ቆመ። በሬውን ግን የነካው የለም፤ መሬቱም ታርሶ ሽንኩርቱ በቅሏል። ትናንት ስደውል ደሴ «አረም ላይ ነን» አለኝ፤ ቸኩሎ ዘጋው።

አባባ ስልኬን አያነሱም። እናቴ ግን በየቀኑ እየደወለች «ይቅርታ ጠይቂ» ትለኛለች።

«እሺ፣ ጎንደር ሄጄ እጠይቃታለሁ» አልኋት።

«ጎንደር ማን አለ?»

«ማሬ።»

እናቴም ዘጋችው።

ሰው የሌላውን ድርሻ መብላት ሲለምድ፣ የራሱን ብቻ የበላ ቀን የተዘረፈ ይመስለዋል... እኔንም ጨምሬ ነው የምላችሁ።