ከአማቴ ጋር የባቡር ድልድይ ስንሻገር

በዚያ ዘመን ዳንግላ ውስጥ «ባቡር» ሲባል ለሰው የሚታሰበው የእህል ወፍጮው ነበር። በሐዲድ ላይ የሚሮጠውን ያየን ጥቂቶች ነን፤ ከጥቂቶቹም አፉ የማያርፈው እኔ ነበርኩ። አዲስ አበባ ልብስ ስፌት ስማር ያከራዩኝ ሽማግሌ የሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። የከተማውን ወንዝ የሚሻገረውን የባቡር ድልድይ ታሪክ ያወረሱኝ እሳቸው ናቸው። ዳንግላ ተመልሼ ገበያው ዳር የስፌት መኪናዬን ስተክል ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ ያን ታሪክ ሳይሰማ አይሄድም ነበር። ሱሪው ሳይደርስ ሁለቴ የሰማም አለ። በነገርኩት ቁጥር ድልድዩን ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ፤ ወንዙንም ሰፋ አደርገዋለሁ።

አማቴ የዘንገና ገበሬ ናቸው፣ ንግግር አያበዙም። ገበያ ሲወጡ ሱቄ ገብተው ይቀመጡና በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ያዳምጡኛል። ዝምታቸውን አድናቆት ነው ብዬ ተርጉሜው ነበር።

አንድ በጋ ዓይናቸውን ታመሙና ለሕክምና አዲስ አበባ ይዣቸው ሄድኩ። ፋሻው በተፈታ ማግስት ጋቢያቸውን አደግድገው ተነሡ።

«በል ልጄ፣ ዓይኔም በራልኝ። ያን ድልድይ አሳየኝ» አሉ።

ደስ እያለኝ ወሰድኳቸው። ወንዙ ዳር ቆሜ በጣቴ እያመለከትኩ ጀመርኩ። «መጀመሪያ የእንጨት ነበር፣ አባቴ። ክረምት ወሰደውና በብረት ተሠራ…»

«ከላዩ ሆነን ብናየውስ?» ብለው ወደ ሐዲዱ ወጡ።

ስለ ድልድዩ ለዓመታት ሳወራ ረግጬው እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ባቡር በማያልፍበት ሰዓት የሰፈሩ ሰው በላዩ ይመላለሳል። አማቴ በተጋደሙት እንጨቶች ላይ እየተራመዱ ቀጠሉ፤ እኔም ተከተልኩ። መሐል ላይ በእንጨቶቹ ክፍተት ቁልቁል አየሁ። ውኃው ከሥሬ ይሄዳል፤ እኔም አብሬው የምሄድ መሰለኝ። መጀመሪያ ቁጢጥ አልኩ፣ ቀጥሎ በአራት እግሬ ሆንኩ።

የጎመን ሸክም የተሸከመች ሴት ከኋላዬ ደርሳ «ወንድሜ፣ ወደ ዳር ጠጋ ብለህ ዳህ። ገበያ ሊያልፍብኝ ነው» አለችኝ። ጠጋ ማለቱ ግን ከመዳሁ የባሰ ነበር። በላዬ ተራምዳኝ አለፈች።

አማቴ ተመልሰው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። አልሳቁም። የበትራቸውን ጫፍ አስያዙኝና «ታሪኩን አላደረስከውም» አሉ።

«አሁን፣ አባቴ?»

«አዎ፣ አሁን። በሬም ዳገት ላይ ሲለግም ዘፈን ነው የሚያነሣው። አፍህ ከሠራ እግርህ ይከተላል።»

እንጨቱን እያየሁ፣ እየተንፏቀቅኩ ቀጠልኩ። ጠላት ሲሸሽ አንዱን ምሰሶ በፈንጂ እንዳናጋው፣ በኋላ በአዲስ ድንጋይ እንደተጠገነ፣ ያ ምሰሶ ከሌሎቹ ነጣ ያለውም ለዚህ እንደሆነ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ምንም አልጨመርኩበትም፤ የምጨምርበት ትንፋሽም አልነበረኝም። እሳቸው ግን ልብ ብለው ይጠይቃሉ። «ድንጋዩን ከየት አመጡት? ውኃውን በምን አገዱት?» የማላውቀውን አላውቅም አልኩ። ስለዚያ ድልድይ አላውቅም ስል የመጀመሪያዬ ነው። ማዶ ስንደርስ ከእጄ መዳፍ እስከ ጉልበቴ በባቡር ዘይት ጠቁሬ ነበር። ስንመለስ በድልድዩ እንለፍ አላሉኝም፤ ዞረን በመኪናው መንገድ ሄድን።

ዳንግላ እንደገባን ሱቄ በሰው ተሞላ። «እንዴት ነው፣ ልጅዎ እንደሚያወራው ነው?» ብለው ጠየቋቸው። የስፌት መኪናዬ ላይ አቀረቀርኩ።

«እኔ እንጃ፣ እሱ እንዳሳየኝ ሰው ያሳየ የለም። እንጨት በእንጨት፣ አንዱንም ሳይዘል ነው ያሳየኝ» አሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

ሰዉ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ለባለቤቴ ግን እውነቱን ሹክ ብለዋት ኖሮ፣ ማታ ራት ስታቀርብልኝ ገና ስታየኝ ሳቋ አመለጣት። አማቴ ከዚያ ወዲህ ገበያ ባይኖርም ሱቄ ይመጡ ጀመር። ስለ በሬዎቻቸው፣ ስለ ገብሱ፣ በወጣትነታቸው ስለፈሩት ነገር ሁሉ ያጫውቱኛል። ለካ አማቴ ወሬ ይወዱ ኖሯል፤ እኔ ነኝ ተራ ያልሰጠኋቸው።